ኮታቸውን አውልቀው አያውቁም

የእንግሊዝኛ መምህሩ በሚያስተምሩበት ክፍል ወለል ላይ ተንጋለው፣ ኮታቸው እስከ ላይኛው ቁልፍ ተቆልፎ፣ ሞተው ተገኙ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ተማሪዎቹ ወጥተዋል። መስኮቶቹ ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል። ጥቁር ሰሌዳው በደረቅ ዳስተር ተጠርጎ ደመና መስሏል። ከታች፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ግን አንድ መስመር ሳይጠረግ ቀርቷል፤ በመምህሩ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሰፍራበታለች፦ «ኔቨር»።

ትምህርት ቤቱ፣ ትምህርት ቤት ከተባለ፣ የአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሁለት ክፍልና አንድ ቢሮ። ከታች ቀለም መሸጫ ስላለ ደረጃው ሁሌም ቀለም ቀለም ይሸታል። ከጣቢያ የተላከችው መርማሪ በዚያ ደረጃ ቀስ እያለች ወጣች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬውን ሁሉ አሳልፋ ጠጠሩን ብቻ ስለምታስቀር። ከኋላዋ ሃምሳ አለቃው ይከተላል። ቀድሟት መጥቶ ነበርና ጉዳዩን በልቡ ጨርሶታል፤ የቀረው ቅዳሜውን ማትረፍ ነው።

ደረጃው አናት ላይ ዳይሬክተሩ ቆሟል። ትምህርት ቤቱ የሱ ነው። ሟች የእህቱ ባል ናቸው፤ እህቱ ካረፈች ቆይታለች። ሰውየው ሆዱ ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ሲያዝንም ማን እያየው እንደሆነ ዘወር ብሎ የሚያጣራ ዓይነት ነው። መሐረቡ እርጥብ ነበር፤ ዓይኑ ደረቅ። መሐረቡን ያራሰው ላቡ ነው።

«እንኳን መጣሽልን እህቴ» አላት። «ጉዳችንን እዪልን። ጋሼ አስም እንዳለባቸው አገር ያውቃል። ዛሬ አፈናቸው፤ በአፍ የሚስቡትን የመድኃኒት መንፊያ ቢሞክሩት ባዶ! ምን ልበልሽ? መድኃኒታቸውን የምትገዛው ልጃቸው ናት። ጠዋት ጠዋት ኪሳቸው የምትከተውም እሷው ናት። አዲሱን ሰጠሁ ብላ ያለቀውን ሰጥታቸዋለች።»

«ባዶ መሆኑን ማን አየ?»

«እኔ ነኛ። ከኪሳቸው አውጥቼ ነቅነቅ ባደርገው… ዝም።»

«ሞተው ሳሉ ኪሳቸው ገቡ?»

«ደንግጬ እኮ ነው! ሰው ሲደነግጥ ምን ያደርጋል?»

«ሌላ ሰው አውጥቶ ሊቀይረው አይችልም?»

«ከየት አውጥቶ? ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ጋሼ ደግሞ ኮታቸውን አውልቀው አያውቁም። በፈጠረሽ፣ የፈለግሽውን ጠይቂ! በሙቀት እንኳ! ተማሪዎቹ 'ከነኮታቸው ነው የተወለዱት' ነው የሚሉት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷ የእህቴ ልጅ ናት። ተሳስታ ነው ተብሎ ይጻፍላት። እኔ እጇን ይዤ ከዚህ ራቅ ወዳለ ዘመድ እልካታለሁ። እዚህ የመዝገብ ሥራዋም ይቅርባት፤ ልቧ አይችልም።»

አዛኝ ቅቤ አንጓች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ሃምሳ አለቃው ግን ልቡ ተነካ።

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ፣ ተማሪዎች የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ መዳፎቿን ታያለች። አላለቀሰችም። አባቷ ወዳሉበት ክፍል ግቢ ቢሏትም እምቢ ብላለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«አየሽ?» አለ ሃምሳ አለቃው ለመርማሪዋ በሹክሹክታ። «አምናለች። ይዣት ልውረድ?»

«ቁጭ በል።»

መርማሪዋ ወደ ክፍሉ ገባች። የአምቡላንሱ ባለሙያ የሞቱት ታፍነው መሆኑን ተናግሮ፣ ነጠላ አንሶላ አልብሷቸው፣ ኮሪደር ወጥቶ ይጠብቃል። አንሶላውን ገለጠችው። ኮቱ ጥቁር ነው፤ አሮጌ፣ ግን የተቦረሸ። ጉድፍ የለበትም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች። ከሥሩ ያለው ሸሚዝ አንገቱ ደህና ነው፤ ክርኖቹ በሌላ ጨርቅ ተጥፈዋል፤ ጀርባው ሳስቶ ገላ ያሳያል። ከደረቱ እስከ ትከሻው፣ እስከ ክርኑ መጣፊያ ድረስ፣ የጠመኔ ብናኝ አልብሶታል። የኮቱን ደረት በመዳፏ ዳበሰችው፤ መዳፏን አየችው። ንጹሕ ነው። ቁልፎቹን መልሳ ቆለፈች፤ አንሶላውን መለሰች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሬሳውን ያገኘችውን የጽዳት ሠራተኛዋን ነው። ሴትየዋ ገና «ስምሽ» ሳትባል እጆቿን ወደ ሰማይ ሰደደች።

«እኔ ምን አጠፋሁ የኔ እመቤት? ባልዲዬን ይዤ ብገባ ቲቸር ወድቀዋል! ጮህኩ። ዳይሬክተሩ ከቢሮው ብቅ አለ፣ ያ ወጣቱ መምህር ከዚያኛው ክፍል…»

«ሰሌዳውን ማን ጠረገው?»

«እኔ እጄን አላስነካሁም! ደረቅ ዳስተር ለቲቸር መርዝ ነው። የሳቸው ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚወለወለው። እኔ ጨርቁን እያራስኩ እሰጣለሁ፣ የሚወጡት ተማሪዎች ይወለውላሉ። ደረቁ ዳስተር ከዚያ ክፍል ከተባረረ ስንት ዘመኑ!»

«የት ሄዶ ነበር?»

«ቢሮ፣ ካርቶን ውስጥ ነዋ። ዳይሬክተሩ ምን ይጥላል ብለሽ? የተሰበረ ጠመኔ ከወለል የሚለቅም ሰውዬ! ካርቶኑ እንደሆነ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነሳል።»

«መምህሩ ዛሬ አሟቸው ነበር?»

«ኧረ ደህና ነበሩ። ከምሳ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ቁና ቁና ተነፈሱና መንፊያቸውን ሳብ አደረጉ። ከዛ 'በይ ቀደምኩሽ' ብለውኝ ሽቅብ! እኔ ከነባልዲዬ ኋላ ቀረሁ።» ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን በቀሚሷ እጅጌ ያዘች። «ታዲያ ያን ጊዜም ኮታቸውን እንደለበሱ ነው። አውልቀው አያውቁማ።»

ከሷ ቀጥሎ ያነጋገረችው በሁለተኛው፣ ባለ ነጭ ሰሌዳው ክፍል የሚያስተምረውን ወጣት ነው። ተማሪዎቹ «አክሰንት» ይሉታል። ስድብ መሆኑ አልገባውም። ውጭ አገር ኖሬ መጥቻለሁ ይላል፤ የገዛ አገሩን ቋንቋ ሲናገር ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ የያዘ ይመስላል። ሰውነቱ ሸምበቆ፣ ጫማው መስተዋት፣ ፀጉሩ በቅባት ተኝቶ ዝንብ ያንሸራትታል።

«ኦኬ፣ ሊስን» አለ እግሩን አጣምሮ። «ሽማግሌው አሳዛኝ ሰው ነው። ዲግሪ የለው፣ ምን የለው፣ ከድሮ መጻሕፍት ለቃቅሞ የተማረ። እኔ ያን ሰዓት ሕንፃው ውስጥ አልነበርኩም።»

«ሲጮህ ከክፍልዎ ወጡ ተባለ።»

«ያኔ… ያኔ ገና መግባቴ ነበር።»

«ከመምህሩ ጋር ይስማሙ ነበር?»

«አንድ ቀን ሸሚዙ ቀዳዳ መሆኑን አይቼ ትንሽ ቀልጄበታለሁ። ጆክ ነው! ከዛ በኋላ ኮቱን ኔቨር አውልቆት አያውቅም። እኔም የሱ ክፍል ኔቨር አልገባም። ጠመኔ ልብሴን ያበላሻል።»

መርማሪዋ እያዳመጠችው ክፍሉን በዓይኗ ትዞራለች። ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ነጩ ሰሌዳ ዞረዋል። አንዱ ብቻ ሁለቱን ክፍሎች ከሚለየው ስስ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጓል። ከወንበሩ በላይ፣ የተቀመጠ ሰው ጆሮ በሚደርስበት ቁመት ላይ፣ የፀጉር ቅባት ያረፈበት ክብ እድፍ አለ። የአንድ ቀን እድፍ አይደለም፤ በወራት የተጠራቀመ ነው።

«እንግሊዝኛዎ የት አገር የተማሩት ነው ያሉኝ?»

«ውጭ» አለ አክሰንት፣ አገጩን ከፍ አድርጎ።

«ሰፊ አገር ነው» አለችና አሰናበተችው።

ከዚያ ልጅቷ አጠገብ አግዳሚው ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ልጅቷ ሳትጠየቅ ጀመረች።

«ትናንት ነው የገዛሁት» አለች። «ዛሬ ጠዋት ከማሸጊያው አውጥቼ ኪሱ ውስጥ ከተትኩት። እንደዚያ ነው የማስታውሰው። ግን አጎቴ 'እንቅልፍ ላይ ሆነሽ ይሆናል፣ ያለቀው አጠገቡ ሊሆን ይችላል' ሲሉኝ… አሁን እጄን ሳየው የቱን እንዳነሳ አላውቅም።»

«ዛሬ ምን እያስተማሩ ነበር?»

ልጅቷ ያልጠበቀችው ጥያቄ ነው። ቀና አለች።

«ኔቨርን። የሚወደው ትምህርት ነው። መሰላል ይስላል። ላይኛው እርከን ላይ 'ሁልጊዜ' የሚለውን ይጽፋል። ከዛ እየወረደ 'ብዙውን ጊዜ'፣ 'አንዳንዴ'፣ 'ከስንት አንዴ'። መጨረሻ፣ መሬት አጠገብ፣ ኔቨር። ጎንበስ ብሎ ነው የሚጽፋት። 'አንድም ጊዜ የሌለበት ቦታ ይኼ ነው፤ ከዚህ በታች ወለል ነው' ይላቸዋል።»

«ሰው የሚሳሳተው ምኑ ላይ ነው?»

«እኛ 'መቼም አልዋሽም' እንላለን፤ 'መቼም' ብለን ግሱንም እናፈርሰዋለን። እንግሊዝኛው ግን ኔቨር ካለ በቃው፤ ግሱ ሳይፈርስ ይቀመጣል። ኖት አይጨመርበትም። አባዬ 'ኔቨር ቀናተኛ ሚስት ናት፣ አጠገቧ ሌላ እምቢታ አታስቆምም' ሲላቸው ይስቃሉ። ቦታዋ ከግሱ ፊት ነው፤ ከ'ኢዝ' እና ከ'አር' ጋር ከሆነ ግን ከኋላ ትሆናለች።» የልጅቷ ድምፅ ሳታስበው የአባቷን አነጋገር ያዘ። «ከዛ ስለሚያውቁት ሰው በኔቨር አንድ እውነት ተናገሩ ይላቸዋል። ሌላው ተማሪ አንዲት ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ተቃራኒውን አይቻለሁ ካለ ዓረፍተ ነገሩ ይሰረዛል። ስንቱ ተሰረዘ መሰለሽ! 'አፋችሁን ሞልታችሁ የምትናገሩት ሳታዩ ነው' ይላቸዋል።»

«እስቲ እኔም ልሞክር። ኮታቸውን አውልቀው አያውቁም።»

ልጅቷ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት ነበር። «ይሰረዛል። እቤት ያወልቃል። እዚህ የማያወልቀው… ሸሚዙን ስለጣፍኩት ነው። ያ ልጅ በተማሪ ፊት ከሳቀበት ወዲህ ቢሞት አያወልቅም። ቤተሰብ ፊት ግን ምን አለበት? አጎቴ ሲመጡ በሸሚዝ ሆኖ ነው የሚያጫውታቸው።»

«ሰሞኑንስ ተጫውተው ነበር?»

ልጅቷ ወደ ቢሮው በር አየት አደረገች። «ተጣልተው ነበር። ሰኞ ከትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። አጎቴ… አንድ ቀን ክፍል ገብተው ለማያውቁ ሰዎች የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። መዝጋቢዋ እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። አባዬን 'አስተምሬያቸዋለሁ በሉ' አሉት። እሱ ደግሞ 'ከጠየቁኝ አንድ ቃል ነው የምመልሰው' አላቸው።»

የዳይሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የትምህርት ቤቱ መፈክር በወርቅ ቀለም ተጽፎ ተሰቅሏል፦ «ዊ ኔቨር ዶንት ፌይል»። ወድቀን አናውቅም ለማለት ነበር። ኔቨር ላይ ዶንት ደርቦ፣ ሳንወድቅ ቀርተን አናውቅም ብሎ ለአላፊ አግዳሚው አውጇል። መምህሩ ይህን ሰሌዳ እንዲያወርደው ደጋግመው ለምነውታል። ዳይሬክተሩ ግን ቀለሙ ተከፍሎበታል፣ ከዚያ ደግሞ እምቢ ሲባል ሁለት ጊዜ ቢባል ይጠነክራል እንጂ ምን ይጎድልበታል ባይ ነው።

ከበሩ ኋላ መስቀያ ላይ አዲስ ግራጫ ኮት ተንጠልጥሏል። የሱቁ ወረቀት ከእጅጌው ሥር አልተቆረጠም።

«ያምራል። የማን ነው?» አለች መርማሪዋ።

«የኔ ነዋ። ለሰኞ እንግዶች።»

«ገና አልለበሱትም።»

«ልብስ አይደለም ቀልቤም ከኔ ጋር አይደለ። ገዝቼ መስቀሌ ነው፤ የነካውም ሰው የለ።»

«ለመምህሩስ ልብስ ገዝተውላቸው ያውቃሉ? ዘመድ አይደሉ?»

«ጋሼ ኩሩ ናቸው! ከኔ እጅ ነገር ተቀብለው አያውቁም። እኔም ሰጥቼ አላውቅም፤ ቅር እንዳይላቸው።»

መርማሪዋ እየሄደች፣ እንደ ዋዛ፣ የግራጫውን ኮት እጅጌ ገልበጥ አድርጋ ገበሩን አየች። ከዚያ ኮሪደር ወጥታ ሃምሳ አለቃውን የመምህሩ ቤት ላከችው። ለምን እንደላከችው ስትነግረው እያጉረመረመ ሄደ። ሲመለስ አላጉረመረመም።

ሁሉንም በአክሰንት ክፍል፣ በነጩ ሰሌዳ ፊት ሰበሰበቻቸው። ዳይሬክተሩ ከፊት ተቀመጠ። አክሰንት በቆመበት ሰዓቱን ያያል። የጽዳት ሠራተኛዋ በር ላይ ቀረች። ልጅቷ ከኋላ፣ አንገቷን ደፍታ ነው።

«ሁላችሁም አንድ ነገር ነግራችሁኛል» አለች መርማሪዋ። «መምህሩ ኮታቸውን አውልቀው አያውቁም። እውነት ከሆነ መንፊያውን ሊቀይር የሚችል ሰው የለም፤ ጥፋቱ ጠዋት ኪሳቸው የከተተችው ልጅ ነው። ይኼ ክስ ያለው በአንድ ቃል ላይ ነው። ስለዚህ ቃሉን ፈተንኩት።»

«ምን ይፈተናል፤ ሁላችንም መስክረናል» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሬሳው ግን አልመሰከረም። ክፍሉ በጠመኔ ብናኝ ታፍኗል። መምህሩ ኮታቸውን ለብሰው ቢሆን ብናኙ ኮቱ ላይ ያርፍ ነበር። ኮቱ ንጹሕ ነው። ነጭ የሆነው ከሥር ያለው ሸሚዝ ነው። ሰሌዳው በደረቅ ሲጠረግ፣ ዳስተሩ ፊታቸው ላይ ሲራገፍ፣ መምህሩ በሸሚዝ ነበሩ። ኮቱን የለበሱት ከሞቱ በኋላ ነው። ሞተው ደግሞ ራሳቸው አልለበሱትም።»

የጽዳት ሠራተኛዋ «ውይ በሞትኩት!» ብላ ደረቷን መታች።

«ያለበሳቸው ሰው ለምን ደከመ? ኮቱ መስቀያ ላይ ቢገኝ 'ማንም ኪሱ ሊገባ ይችላል' እንዳይባል ነው። 'አውልቀው አያውቁም' የሚለውን ወሬ ሬሳው ላይ ቆለፈው፤ እስከ ላይኛው ቁልፍ። አሁን መንፊያው። ልጅቷ ተሳስታ ያለቀውን ሰጥታ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ቤት ይገኝ ነበር። ሃምሳ አለቃ፣ አገኘህ?»

«ማሸጊያውን ብቻ ነው ያገኘሁት፤ ተቀዶ፣ ባዶውን» አለ ሃምሳ አለቃው። ወደ ልጅቷ ማየት አፍሯል። «ቤቱን አተራምሼ ፈትሻለሁ። አዲስም አሮጌም መንፊያ የለም።»

«በዚያ ላይ ከምሳ ሲመለሱ ደረጃው ላይ መንፊያቸውን ስበዋል፤ ከሳቡም በኋላ ባልዲ የያዘችን ሴት ቀድመው ወጥተዋል። ባዶ እንዲያ አያሮጥም። ከቤት የመጣው ሙሉ ነው። ባዶው እዚህ ነው የተተካው።»

«መሳቢያው!» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። «ያለቀውን ጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ነው ወርወር የሚያደርጉት፤ የምጥለው እኔ ነኝ! ትናንት አንድ ነበር፣ ነገ እጥለዋለሁ ብዬ…»

«አሁን የለም፤ አይቻለሁ። እንግዲህ የቀረው ማን ነው የሚለው ነው። በተጣፈ ሸሚዛቸው የሚያፍሩ ሰው በማን ፊት ኮት ያወልቃሉ? በተማሪ ፊት አይደለም። በሳቀባቸው ሰው ፊት አይደለም።»

አክሰንት ጫማውን አየ።

«በጽዳት ሠራተኛዋም ፊት አይደለም። ሸሚዙን እቤት በሚያውቅ በቤተሰብ ፊት ነው። ደግሞ ሰሌዳውን የጠረገው ሰው ከላይ እስከ ታች ጠርጎ የመጨረሻዋን መስመር ትቷታል። መምህሩ ጎንበስ ብለው የጻፏትን ቃል ለማጥፋት፣ ጠራጊው ጎንበስ ማለት አልሆነለትም። እዚህ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ማለት የማይሆንለት ሰው ብዙ የለም።»

ሁሉም፣ ሳያስቡት፣ የዳይሬክተሩን ሆድ አዩ።

«ስድብ ነው ይኼ!» አለ ዳይሬክተሩ። «በሀዘን ላይ ያለን ሰው!»

«ሃምሳ አለቃ፣ ያን ግራጫ ኮት አምጣው።» ኮቱ መጣ። «የኔ ነው፣ ለሰኞ ገዝቼው ነው ብለውኛል። እስቲ ይልበሱት።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ዳይሬክተሩ ተነሳ፣ አንድ እጁን አስገባ፤ ሁለተኛው ክርኑ ላይ ቀረ። ጀርባው ተወጠረ፤ ስፌቱ ሲርር አለ። ከፊት፣ በቁልፉና በቁልፉ ቀዳዳ መካከል፣ ሌላ ሰው ይቆም ነበር። የሱቁ ወረቀት ከብብቱ ሥር ተንጠልጥሎ እንደ በግ ጆሮ ይወዛወዛል። ማንም አልሳቀም፤ መሳቅ እንኳ ለሱ ክብር ነውና።

«በመምህሩ ልክ የተገዛ ነው» አለች መርማሪዋ። «'ጋሼ፣ ሰኞ እንግዳ አለብን፣ ይቺን ይለኩ' አሏቸው። አሮጌውን አውልቀው ለእርስዎ ሰጡ። አዲሱን ሲያጠልቁ ጠመኔ የያዘ ጣታቸው በእጅጌው ገበር ውስጥ አለፈ፤ ነጭ አምስት ጣት አሁንም አለ፣ ገልብጡት። ማንም ያልነካው ኮት ነው ብለውኝ ነበር። እሳቸው ሲለኩ እርስዎ መንፊያውን ቀየሩ። አዲሱን አውልቀው ሲመልሱልዎ 'ሰሌዳውን እኔ ልጥረግልዎ' አሉና በደረቁ ጀመሩ። መስኮቱን ዘጉ። ሳል ሲይዛቸው አሮጌውን ኮት አቀበሏቸው። መንፊያውን ከኪሱ አውጥተው ሳቡት፤ ባዶ ነው። እርስዎም ቆመው አዩ። ሰኞ ለተቆጣጣሪዎቹ ያቺን 'ኔቨር' እንዳይመልሱ ነው፤ መዝገቡን የምታውቀውን ልጅም በጥፋቱ አሳበው ሊያርቋት።»

«ውሸት! ገዳይ ከሆንኩ ኮቱን ምን ይዤ አስቀምጣለሁ? አልጥለውም ነበር?»

«እሱ ነው የያዝዎ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጥለው ነበር። እርስዎ ግን የተሰበረ ጠመኔ የማይጥሉ ሰው ነዎት። ወረቀቱን ያልቆረጡት ሰኞ ሱቁ ሊመልሱት ነው። ለሚገድሉት ሰው እንኳ ኮት የገዙት በውሰት ነው።»

ዳይሬክተሩ ወደ ልጅቷ ዞረ፣ ድምፁን ቅቤ አደረገው። «ልጄ፣ አንቺው ንገሪያቸው። አጎትሽን ታውቂኛለሽ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ የተቀመጠው ወንበር ላይ ዓይኗ አረፈ፤ ከሱም በላይ ያለው እድፍ ላይ።

መርማሪዋ ዓይኗን ተከትላ ወደ አክሰንት ዞረች። «ሕንፃው ውስጥ አልነበርኩም ብለዋል። ቅባትዎ ግን ግድግዳው ላይ ነው። ሽማግሌው ሲያስተምሩ በግድግዳ እየሰሙ፣ በማግሥቱ ያንኑ ለራስዎ ተማሪዎች 'እኛ ውጭ እንዲህ ነው የምንለው' እያሉ ይሸጣሉ። ዛሬ ምን ሰሙ?»

ከአክሰንት አፍ የአነጋገሩ ድንች ወደቀ። እንደ ማንኛውም የሰፈር ልጅ ተናገረ። «ትምህርቱ አልቆ ነበር… ልነሳ ስል ዳይሬክተሩ 'ልክዎ ነው ጋሼ፣ በልክዎ ነው' ሲል ሰማሁ። ከዛ የዳስተር ድምፅ። ከዛ ሳል። ብዙ ሳል።»

«ያን ሁሉ እየሰሙ ምን አደረጉ?»

«ምን ላድርግ? ብሄድ… እየሰማሁ እንደነበር ይታወቅብኛላ።»

ለገዳዩ ሕግ አለ፤ ለዚህኛው ሕግ እንኳ አልተጻፈለትም። የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ከበር ላይ «ቱ!» ብላ ተፋች፤ ከዚያ ራሷ የምትወለውለው ወለል መሆኑ ትዝ ብሏት ተናደደች።

ሃምሳ አለቃው ዳይሬክተሩን በክንዱ ያዘው። ግማሽ የለበሰው ኮት አልወልቅ ብሎ አስቸገረ፤ በግድ መዥርጠው አወጡት። ስፌቱ ተተረተረ። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ሲደርስ ያየው ልጅቷን አይደለም፣ የተቀደደውን ኮት ነበር።

«አሁን አይመልሱልኝም» አለ።

የደረጃው ድምፅ እስኪጠፋ መርማሪዋ ቆመች። ከዚያ ልጅቷ ፊት በርከክ አለች።

«ስሚኝ። ሙሉውን ነው የሰጠሽው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አባትሽ ያን ደረጃ የወጡት አንቺ በሰጠሽው ትንፋሽ ነው። አልተሳሳትሽም። አልገደልሽም። በይው።»

«አልገደልኩትም» አለች። የሰው ቃል እንደሚደግም፣ ቀስ ብላ።

«እንዲያ ነው።»

«እንግዲያው ልገባ እችላለሁ? እሱ ጋ?»

«አባትሽ አይደሉ?»

ልጅቷ ተነሳች። ኮሪደሩን አቋርጣ የመምህሩን ክፍል በር ገፋችው። የአምቡላንሱ ባለሙያ ሊከተላት ሲል መርማሪዋ በእጇ ከለከለችው። ከዚያ አንሶላው ሲገለጥ ተሰማ፤ ቀጥሎ እስካሁን ያልወጣው ልቅሶ፣ «አባዬ!» የሚለው፣ ሕንፃውን አናወጠው። ከታች ቀለም መሸጫው ውስጥ የነበሩት ሰዎች እንኳ ሥራቸውን አቁመው ወደ ጣሪያው አዩ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን አስቀመጠች። በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ አብራ አለቀሰች።